ባለቤቷ ትቶት የሄደው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩን ያመጣችው በአንሶላ ጠቅልላ ነው። እኔ ጥገና ቤቱ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አርባዎቹን የጀመረች ትመስላለች፤ የሥራ ቦታ መታወቂያዋ ገና ከአንገቷ አልወረደም። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች። ክንዷን አጣምራ የጠጋኙን እጅ ታያለች፤ ጫማዋ ወለሉን ይመታል።

ጠጋኙ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈትቶ አወጣና በቦታው አዲስ አሰረ።

«ዕድለኛ ነሽ እህቴ» አላት ፈገግ ብሎ። «ደከመ እንጂ አልሞተም። ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ኮፒ ላድርግልሽ፤ አንድም ነገር አይጠፋብሽም።»

«ማን ኮፒ አድርግ አለህ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጠጋኙ ደነገጠ።

«አይ፣ ፎቶም ደብዳቤም ሊኖር ይችላል ብዬ እኮ ነው።»

«አለ እንጂ! ባለቤቴ ጥሎን ከመሄዱ በፊት ሲጽፍ የከረመው ደብዳቤ አለ። ለማን እንደጻፈውም አውቃለሁ። እኔ አንብቤዋለሁ። ልጆቼ ግን አያነቡትም!»

ካቻቪቴውን ከእጁ ነጠቀችው። የአሮጌውን ዲስክ ብሎኖች ራሷ ፈታች፤ አንዱ እምቢ ሲላት ክዳኑን ገንጥላ አነሳችው። ከዚያ ውስጡ ያለውን፣ ጽሑፉም ፎቶውም የሚቀመጥበትን የሚያብረቀርቅ ሳህን ጥርሷን ነክሳ በካቻቪቴው ፋቀችው፣ ደግማ ደጋግማ ፋቀችው። የከለከላት አልነበረም። እጇ ሲዝል ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በል፣ አሁን በአዲሱ ላይ ለተማሪ የሚሆነውን ፕሮግራም ጫንልኝ» አለችው። «ልጆቹ ለነገ የቤት ሥራ አለባቸው።»