ወንድሟ አልተረጉምም ያለው መስመር

ከአንድ ኮሌጅ አብረን የተመረቅን መምህራን የቴሌግራም ቡድን አለን። የእኔ ስም እዚያ የሚነሳው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። መጀመሪያ የሻማ ሥዕል ይመጣል። ከዚያ ኦርቶዶክሶቹ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ጴንጤዎቹ «ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና» ይላሉ፤ አንዳንዴም ነፍስ ይማር ማለት ይገባል አይገባም እያሉ ሬሳው ሳይቀበር ይነታረካሉ። ሲደክማቸው አንዱ «የሕይወት ታሪኩን የተለመደው ወንድማችን ያዘጋጅልን» ብሎ ይጽፋል። የተለመደው ወንድማችን እኔ ነኝ።

ለምን እኔን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አርባ ምንጭ ትምህርት ቢሮ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ አጠገቤ ነው፣ አማርኛዬም የደብዳቤ አማርኛ ነው። መጀመሪያ የሞተው ጓደኛችን ምዕራብ ዓባያ ያስተምር ነበር። ለእሱ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቼ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና የልጆቹን ቁጥር ብቻ ቀየርኩ። ሁለቱም «ለተማሪዎቻቸው እንደ አባት፣ ለባልደረቦቻቸው እንደ ወንድም» ሆነው ተቀበሩ። ሁለተኛው፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የገዛ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ የማያውቅ ሰካራም ነበር። ሳነብ ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነበር። ያኔ መማር ነበረብኝ፤ እኔ ግን የሞተ ሁሉ ደግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስተኛዋ ሟች የቅርብ ጓደኛዬ ሆነች።

ኮሌጅ እያለን በማስተማር ልምምድ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የያዘኝን ፍርሃት አልረሳውም። ጠመኔው በእጄ ላብ ራሰ፣ የሒሳቡ ምሳሌ ከጭንቅላቴ ጠፋ። መምህራችን ውጤት ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሳ እሷ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና ሆን ብላ የሞኝ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እሷን ስመልስ አፌ ተፈታ። ክፍሉ ሳቀባት፣ እኔ አለፍኩ። «እኔ ደደብ ሆኜ አንተን ጎበዝ አደረግሁህ» እያለች እስክንመረቅ ስታሾፍብኝ ኖረች።

ስንመረቅ እሷን ከካምባ ማዶ፣ መኪና ከቆመ በኋላ በእግር ወደሚደረስ ትምህርት ቤት መደቧት። እኔም ገጠር ነበር የደረሰኝ፤ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሰው ፈልጌ ቢሮ ገባሁ። የመምህራን የዝውውር ማመልከቻ የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ ሆነ። እሷ እዚያው ሃያ አንድ ዓመት ቆየች። ባል እንኳ አላገባችም፤ «እዚያ ድረስ በእግሩ መጥቶ የሚያገባኝ ማን ነው?» ትል ነበር።

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ትመጣለች። ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ትገባና «ወለልህን ካቆሸሽኩ ፋይሌን ትቀጣዋለህ» ትለኛለች። ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ ግን ቀልዱ ቀነሰ። አካባቢው መብራት የለውም። ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበረችው ገንቦ ነበር የምታስቀምጠው፤ ሙቀት ሲበረታ ይበላሽባታል። የሐኪም ወረቀት አመጣች። «የአንድ ሐኪም ፊርማ ነው፤ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል» አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት የቦርድ ማስረጃ ይዛ መጣች። «ቦታ የለም» አልኳት። እሷም እሺ ብላ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

አንድ ዓመት ግን ቦታ ነበር። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ፣ እሷ በምታስተምረው ትምህርት፣ አንድ ክፍት ቦታ። በዚያው ዓመት የአለቃዬ ሚስት እህትም አመልክታ ነበር። አለቃዬ ስሟን አንድም ቀን አላነሳልኝም። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ይለዋል ብዬ በራሴ ገመትኩና የጓደኛዬን ማመልከቻ ከታች፣ የዚያችን ከላይ አድርጌ አቀረብኩ። ደስ ይበለው አይበለው እስከዛሬ አላውቅም፤ ፈርሞ መለሰልኝ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጉቦ በልቼ ቢሆን ሌባ ነኝ ብዬ ራሴን እሰድብ ነበር። እኔ ግን ላልጠየቀኝ ሰው በነጻ አጎብድጄ ነው ሰው የጣልኩት።

ባለፈው በልግ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ ወጡ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና አልነበረም። ሲጠብቁ ቆይተው እንደገና ሊሸከሟት ሲነሱ ሞታ አገኟት። አስከሬኗ እናቷ ወዳሉበት ወደ ገረሴ ተወሰደ።

መርዶው ሲመጣ ቢሮ ነበርኩ። ሻማው መጣ፣ ነፍስ ይማሩ መጣ፣ «የተለመደው ወንድማችን» ተባለ። ፋይሉን ከፈትኩ። «አባት» የሚለውን «እናት»፣ «ወንድም» የሚለውን «እህት» አደረግሁት። «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ» የሚለውን ወደ ሴት ከመለወጥ በቀር ሳልነካው ተውኩት። ከዚያ አንድ አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ «ለገጠር ሕፃናት በነበራት ልዩ ፍቅር፣ የከተማ ኑሮ ሳያምራት፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በፈቃዷ አገለገለች።» መስመሩ አምሮልኝ ሁለቴ አነበብኩት። የሞተችው ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ዓረፍተ ነገር አሳምራለሁ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ገረሴ ወጣን። ከታች በሙቀት ኮቱን ያወለቀ ሁሉ ዳገቱን ስንጨርስ መልሶ ለበሰ። መንገድ ላይ አንዷ «እንዴት ያለች ጀግና ነበረች፤ ከተማ ሳትል!» አለች። እኔ የጻፍኩትን ሳታይ ያንኑ መናገሯ ነገሩን እውነት አስመሰለልኝ። ደስ አለኝ፤ ማለቱ ያሳፍራል እንጂ።

ደጋ ላይ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በአማርኛ ነው። አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ አንድ የቤተሰብ ሰው ከአንባቢው ጎን ቆሞ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ጋሞኛ ይመልሳል። የእሷን ሊመልስ የቆመው ታናሽ ወንድሟ ነበር። ወንጌላዊ ነው፤ ስብከት ማስተርጎም ለምዶ ድምፁ ሜዳውን ይሞላል። እናቷ ፊት ለፊታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ልጃቸው አፍ ያያሉ። የት እንደተወለደች አነበብኩ፤ መለሰው። የት እንደተማረች አነበብኩ፤ መለሰው። ያቺን ያማረች መስመር አነበብኩ። አልመለሰውም።

ያልሰማኝ መስሎኝ ቀስ ብዬ ደገምኩት።

«ሰማሁ እኮ፣ ጋሼ» አለኝ በአማርኛ። «ይሄን አልተረጉምም። እህቴ በፈቃዷ አይደለም እዚያ የኖረችው። ሬሳዋ ባለበት፣ በእናቴ ፊት፣ ይሄን ከአፌ አላወጣም።»

ከኋላዬ አንዱ የክፍላችን ልጅ «ዝለለው፤ ወደ ቀጣዩ እለፍ» ብሎ አንሾካሾከ። እናቷ «ምን አለ? ለምን ቆመ?» ብለው በጋሞኛ ጠየቁ።

«አንተ የጋሞ ልጅ ነህ» አለኝ ወንድሟ። «ቋንቋው አለህ። ራስህ ንገራት።»

አፌን ከፈትኩ። «የከተማ ኑሮ ሳያምራት» የሚለውን በጋሞኛ ልጀምረው ሞከርኩ። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። በአማርኛ ስንቱን «በፈቃዱ» ብዬ ጽፌ ማኅተም አስመትቻለሁ። በጋሞኛ የዋሸሁት ግን ልጅ ሆኜ ለእናቴ ብቻ ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ ታውቅብኝ ነበር። አሁን እኒያ ሴትዮ እንደ እናቴ ተቀምጠው ወደ ላይ ያዩኛል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እናቴ፣» አልኳቸው በጋሞኛ፣ «ልጅዎ ወደ ከተማ መውረድ ትፈልግ ነበር። በየዓመቱ ጠይቃለች። አልተፈቀደላትም።»

ያልፈቀደው ማን እንደሆነ አላልኩም። ያም ሆኖ የተናዘዝኩ ያህል ቀለለኝ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ወንድሟ አሁንም ከጎኔ አልተንቀሳቀሰም። የሚቀር ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር፣ እንድጨርሰው እየጠበቀኝ ነበር።

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሁሌ ትነግረኝ ነበር። ‹እማዬ፣ አታስቢ፣ ወረቀቴ ያለው አብሮኝ በተማረ ልጅ እጅ ነው፤ እሱ አይጥለኝም› ትለኛለች። በዚህ ዓመት አልሆነም ስትል እንኳ ‹እሱ ለፍቷል፣ አልሆነለትም› ትል ነበር።» በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና ከኋላዬ የቆሙትን የኮሌጅ ጓደኞቼን አንድ በአንድ አዩ። «ስንት ዓመት ስለ ልጄ የደከመ ሰው ነው። ከእናንተ ጋር መጥቶ ከሆነ አሳየኝ፤ ሳልመርቀው አይሂድ።»

ጋሞኛ የሚሰሙት ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ። ወንድሟ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

«አልመጣም፣ እናቴ» አልኳቸው፣ ያለ አስተርጓሚ።