ብሎኑ ላይ የተጠመጠመችው ሽቦ

መካኒኩን ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ድገመው» ነው የሚለው። አንድ ብሎን አጥብቆ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ተመልሶ ያንኑ ብሎን ይነካል። ቤቱ ሲገባም ያው ነው። የጋዙን ማጥፊያ ይነካል፣ በሩን ይነካል፣ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ እንደገና በሩን ይነካል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ በሩ እግር አውጥቶ ይሄዳል ብለህ ነው?» እያለች ትቀልድበታለች። እየሳቀ አንዴ ደግሞ ይነካዋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ችኩል ነበር፣ እጁም ከባድ። የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ አመድማ መኪና የፊት ፍሬን ሸራ ቀየረ። ሸራውን አቅፎ የሚይዘውን ካሊፐር ከመኪናዋ ጋር የሚያስተሳስሩት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የታችኛውን ደህና አድርጎ አሰረ። የላይኛው ላይ ግን፣ ለጉራም ይሁን ለችኮላ፣ አንዴ ጨመር አደረገበት። ጠንክሮ የነበረው ብሎን እጁ ላይ ልስልስ አለ። የዚህን ልስላሴ ትርጉም የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የቀዳዳው ጥርስ ተልጦ ሄዷል ማለት ነው።

ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። የመለዋወጫ ሱቆች ዘግተዋል። አለቃው «እጅህ ጨካኝ ነው» ብሎ ካስጠነቀቀው ገና ሳምንቱ ነው። ስለዚህ ብዙ መካኒክ የሚያውቀውን፣ አንዱም ግን አድርጌዋለሁ የማይለውን ነገር አደረገ። ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መዝዞ ብሎኑ ላይ ጠመጠማትና መልሶ አስገባው። ብሎኑ ነከሰ፤ ቢያንስ የነከሰ መሰለ።

«ሰኞ ብቅ ይበሉ፣ አንዴ አየት አደርግልዎታለሁ» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ሰኞ አልመጣችም፤ ስልኳንም አልያዘም ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ፍርሃት ሆዱ ውስጥ ቤት ሠራ። አመድማ መኪና ባየ ቁጥር እንደ ልብስ ሰፊዋ መኪና በግራ በሯ ላይ ጭረት እንዳለ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ሬዲዮ ስለ መኪና አደጋ ሲያወራ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ቀለሟን እስኪነግሩት ይጠብቃል፤ ቀለም የሚናገር ግን የለም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብስበታል። ቁልቁለት ላይ ያቺ ሴት ፍሬን ስትረግጥ፣ ካሊፐሩ ተንጋዶ ጎማውን ሲይዘው እየታየው ላብ ያሰምጠዋል። ይህን ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን፣ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ ሳለ «ያ ጎበዝ ወንድሜ አለ?» የሚል ድምፅ ሰማ። ብቅ ቢል አመድማዋ መኪና በሩ ላይ ቆማለች፤ ጭረቷም እንዳለ ነው። ክው አለ። የኋላው ወንበር ላይ ሁለት የሕፃን መቀመጫዎች ታስረዋል።

«ተመስገን፣ አገኘሁህ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፍሬኑ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። እኛ ሰፈር ያለው መካኒክ ልፍታው ቢለኝ ወግድ አልኩት። ከአንተ በቀር ፍሬኔን የሚነካ የለም ብያለሁ። የልጅ ልጆቼን የማመላልስበት መኪና እኮ ነው!»

አራት ዓመት ሙሉ ያንን ብሎን ማንም ያላየው እሱን በማመኗ ነበር።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን አወለቀ። የታችኛው ብሎን በቁልፍ፣ እያቃሰተ ተፈታ። የላይኛውን ገና በጣቱ ቢነካው ዞረ። በጣት ብቻ እየተሽከረከረ ወጣ፤ ሽቦዋም ጠቁራና ተበጣጥሳ አብራው ወጣች። አራት ዓመት ሁለት ሕፃናትን የያዘው የታችኛው ብሎን ብቻውን ነው።

ማንም አላየውም። ሽቦዋን ኪሱ ቢከታት፣ ጥርሱን አድሶ «አለቀ» ቢል፣ መርቃው ትሄድ ነበር። እጁ ወደ ኪሱ ሄዶም ነበር። እዚያው ቆመ።

«እትዬ» አለ፣ ሽቦዋን እየዘረጋላት፣ «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራት።

ሽቦዋን ተቀብላ ክር እንደምትይዝ በሁለት ጣቷ ይዛ አየቻት።

«ወስውሰህ ነዋ የለቀቅኸኝ» አለች። «እኔ ቀሚስ በላላ ስፌት ወስውሼ ብሰጥ ሰው መንገድ ላይ ይራቆታል፣ በቃ። አንተ ግን ልጆች አስጫንከኝ።» አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አሰፋው። ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያደረገ አዲስ ጥርስ አወጣለት። ብናኙን በአየር ነፍቶ፣ እንደ ሞላ የተጠቀለለውን የብረት ጥርስ ውስጡ ቀበረ። አዲሱን ብሎን በጣቱ ጀመረው፤ ከዚያ የማጥበቁን ልክ በሚናገረው ቁልፍ ቀጭ እስኪል አጠበቀው።

«አለቀ» አላት።

«ሌላኛው ጎማስ?»

«እሱ ደህና ነው።»

«ፍታው።»

«የኋላዎቹንማ ያኔ አልነካኋቸውም...»

«እነሱንም ፍታ።»

ከጥግ ባለሦስት እግር መቀመጫ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሽቦዋ አሁንም እጇ ላይ ናት። እሱ አንድ በአንድ ፈታ፣ አንድ በአንድ አሳያት፣ አንድ በአንድ መልሶ አሰረ። ምንም እንደማይገኝ ያውቃል፤ ያደረገው አንዴ ብቻ ነው። ሆኖም አራተኛው ጎማ ላይ ቁልፉን ከማስገባቱ በፊት ብሎኑን በጣቱ ነካው። ብሎኑ እንዲጠነክርለት በሆዱ ለመነ። ጠነከረለት። ቁልፉ ቀጭ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ጎንበስ አለች።

«ድገመው» አለችው።

ጋራዡ ውስጥ ማንም አልሳቀም።