አፖንዲ ራሷን ያወደሰችበት ቅዳሜ

ምክትል ርዕሰ መምህርት አፖንዲ ስለ ራሷ አንድ ገጽ መጻፍ አቃታት። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ችግር የለባትም። በሐይቅ ዳሯ የኬንያ ከተማ በኪሱሙ ያስተማረቻቸው ልጃገረዶች ሥራ ሲፈልጉ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጽፍላቸው እሷ ናት፤ ሰነፏን ጎበዝ፣ ጎበዟን መልአክ አድርጋ ታቀርባቸዋለች። ለዶክትሬት ስታመለክት ግን ዩኒቨርሲቲው «ማን ነሽ? ምን ልታጠኚ ነው? ለምንስ አንቺ?» ብሎ ሲጠይቃት እጇ ተሳሰረ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኞ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ ርዕሰ መምህርት ሁኚ የሚል ሹመት ቀርቦላት መልሷ የሚጠበቀውም ሰኞ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም፤ ትምህርቱ ያለው ናይሮቢ ነው። ሹመቱ ሰፊ ቢሮና በር ላይ የሚለጠፍ ስም አለው። ዶክትሬቱ ያለው የዓመታት ንባብና ካስተማረቻቸው ልጃገረዶች እኩዮች ጋር ወንበር መጋራት ነው። ጤነኛ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መቼም ግልጽ ነው። አፖንዲ ግን ልቧ ናይሮቢ ነበር።

ልታጠና ያሰበችው ፓክሩኦክን ነው። በእኛ በሐይቁ ዳር ሰዎች ዘንድ ድግስ ላይ ዘፋኙ ክራር መሰሉን ኒያቲቲ እየመታ ሳለ አንዱ እጁን ያነሳል፤ ክሩ ዝም ይላል፤ ባለ ተራው ሳንቲም ጣል አድርጎ ራሱን በሕዝብ ፊት ያወድሳል። ትሑት መሆን የፈለገ ቤቱ ይቀመጥ። እዚያ የተባለ ነገር ደግሞ አይመለስም፤ ራስህን አንበሳ ካልክ አንበሳ ሆነህ ትቀራለህ። አፖንዲ ከልጅነቷ ጀምሮ የሴቶቹን ውዳሴ ስትሰማ ኖራለች። የትኛዋ ሴት ቀድማ ብስክሌት እንደነዳች፣ የትኛዋ ባሏ ሲሞት ጀልባውን ራሷ እንደያዘች፣ ማንም በመጽሐፍ ያልጻፈው ታሪክ እዚያ እንዳለ ገብቷታል። ይህን ስታወራ ሰው ምግቡን ትቶ ያዳምጣታል። እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን እጇን አንስታ አታውቅም።

ዓርብ ከሰዓት ጽሑፏን ይዛ የቀድሞ አስተማሪዋ ዶክተር ኦሞሎ ዘንድ ሄደች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከከተማው ዳር ዓሣ ያረባሉ። ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ ኩሬው ዳር ቆመው አነበቡት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማመልከቻዬ ነዋ፣ ዶክተር።»

«እኔ ደግሞ የሕመም ፈቃድ መጠየቂያ መስሎኝ ነበር። ‹በአቅሜ መጠን ለመሞከር እሞክራለሁ› ትያለሽ። ሰው ለመሞከር ይሞክራል እንዴ?»

«ራሴን መካብ ያሳፍረኛል።»

«እኔን ያሳፈረኝ ደግሞ ይሄ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱላት።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልረዘመም። «እውነቱን ይንገሩኝ። ይጠቅመኛል?»

«ዶክትሬት አለኝ፤ የምሸጠው ዓሣ ነው። እንጀራ ከሆነ የፈለግሽው ርዕሰ መምህርት ሁኚ። እኔ ስመረቅ ፀጉሬ አልቆ ነበር።» ወደ ኩሬው ትንሽ መኖ በተኑ። «ያንን ዘመን መልሶ የሚሰጠኝ ቢኖር ግን ኩሬውን ከነዓሣው ዛሬውኑ ባስረከብኩት።»

«እንግዲያው ልሂድ?»

«እኔን ምን አስጠየቀሽ? ባልሽ ምን ይላል?»

እሾሁም ይኸው ነበር። ባሏ ኦዊቲ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ወሩን ሙሉ ስትጠይቀው «እንዳሰብሽ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። ቢቃወማት ትሟገተው ነበር። ዝም ሲላት ግን ቅር እንዳለው ቆጠረችው። ልጆቹን በማን እጅ ትታ ትሄዳለች? ይህን ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች፤ ዓርብ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሹመቱን ልትቀበል ወስና ነበር።

ቅዳሜ በትውልድ መንደሯ በኒያካች የወንድሟ ልጅ ሠርግ ነበር። የማንጎው ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሯል፤ ኒያቲቲው ደምቋል። የመጀመሪያውን እጅ ያነሳችው፣ እንደተለመደው፣ የአባቷ እህት አኬች ናት። አሮጊቷ ምርኩዟን ለጎረቤቷ አቀበለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ አኬች ነኝ! ሐይቁ ውጦ የተፋኝ! ሁለት ባል ቀብሬ ሦስተኛውን እምቢ ያልኩ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አኬች ግን አልተቀመጠችም፤ ጣቷን ወደ አፖንዲ ቀሰረች።

«ይህቺ የወንድሜ ልጅ በየድግሱ የሰው ውዳሴ ትለቅማለች። የራሷን የሰማ አለ?»

«ኧረ የለም» አሉ ሴቶቹ።

«የሰው ወስዶ የራሱን የማይሰጥ ምን ይባላል?»

«ሌባ!»

«ተነሽ እንግዲህ፣ አንቺ ሌባ።»

አፖንዲ ተነሳች። ሳንቲሟን ጣለች። «እኔ አፖንዲ ነኝ። መምህርት ነኝ። በአቅሜ...»

ዘፋኙ አንዷን ክር ነካ አደረገና «እመቤቴ፣ ይሄማ ለሳንቲሙም አይበቃም» አላት።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ አንድ ሙቀት ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማት። ንዴት ይሁን ደስታ አልለየችውም።

«እኔ አፖንዲ ነኝ! የኒያካች ልጅ! እናቶቻችሁ የተናገሩትን እናንተ ስትረሱ እኔ አልረሳሁም። የዚህ ዘፋኝ አያት ብስክሌት ስትነዳ አይተው ወንዶቹ በፍርሃት ዛፍ ላይ እንደወጡ የማውቅ እኔ ነኝ። እናንተ ስቃችሁ የምትሄዱበትን እኔ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። የእነዚህን ሴቶች ታሪክ የፈለገ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ሚኒስትር፣ በሬን ያንኳኳል። እኔ ዶክተር አፖንዲ ነኝ!»

ቃሉ ከአፏ ወጣ። ገና ያላመለከተችበትን ማዕረግ በሕዝብ ፊት ለራሷ ሰጠች፤ እዚያ የተባለ ደግሞ አይመለስም። አኬች እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከኋላ ሴቶቹ «ዶክተር! ዶክተር!» ይላሉ። አፖንዲ ፊቷ እየጋለ ተቀመጠች። ወደ ባሏ ለማየት ድፍረት አጣች።

ዘፋኙ ሊቀጥል ጣቱን ሲያነሳ ወንዶቹ ከተቀመጡበት በኩል አንድ እጅ ወጣ። ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት እጅ ነው። ከተጋቡ ወዲህ ኦዊቲ በማንም ድግስ ላይ ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ አኬች እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔ ኦዊቲ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ሆነበትና ጉሮሮውን ጠረገ። «የሞተ ሞተር የማስነሳ፣ አፌን ግን ማስነሳት ያቃተኝ። የዶክተሯ ባል ነኝ። እሷ ናይሮቢ ስትማር ልጆቿን የማበላ እኔ ነኝ። የኡጋሊ ገንፎ የማገላብጥ ወንድ ነኝ። የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅልኝ፤ በኋላ ሥራ ይበዛብኛል።»

ያልሳቀ የለም። አንዱ ወጣት ከወንበሩ ወደቀ። አፖንዲ ብቻ አለቀሰች፤ ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሲመለሱ ትከሻው ላይ ተደግፋ «ወሩን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ሂጂ ብልሽ ሹመቱን ያስጣለኝ እሱ ነው ትያለሽ። ቅሪ ብልሽ ዕድሜ ልኬን ታነሺብኛለሽ። ፈራኋ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ኒያካች በሙሉ ሰምቷል። ብፈራስ የት እገባለሁ?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አፖንዲ መጀመሪያ ሹመቱን በአክብሮት የማትቀበል መሆኗን ጻፈች። ቀጥላ ማመልከቻውን ከፈተችና የድሮውን ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። አዲሱን ማንጎው ሥር በቆመችበት ድምፅ ጀመረችው፤ ማዕረጉን ብቻ ለጊዜው ተወችው። ዓረፍተ ነገሮቹ እየተጋፉ መጡላት።

ከወጥ ቤት ጭቅጭቅ ይሰማል። ልጆቹ ውሃው ገና አልፈላም ይላሉ፤ ኦዊቲ ሞተር ለሚያስነሳ ሰው የውሃ አስተማሪ አያስፈልገውም ይላል። ቆየት ብሎ የሚያርር ዱቄት ሽታ ሳሎን ድረስ መጣ። ትልቋ ልጅ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እማ፣ አባባ ኡጋሊውን አሳረረው። ነይና አስተካክዪው።»

አፖንዲ ቀና ብላ ልጇን አየቻት፤ ወደ ወጥ ቤቱም አየች። እግሯ ከልምድ ሊነሳ ሲል ያዘችው።

«አርሮም ይበላል፣ ልጄ» አለቻትና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።