በጡብ ላይ የቀረ የውሻ ዱካ

ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ ሁሉም ተማሪ የተወለደበትን ከተማ በካርቶን ሠርቶ ታሪኩን እንዲያስረዳ አዘዘች። ባለቤቴ የደሴ ልጅ ናትና ጦሳ ተራራን ከነጭጋጉ ልትሠራላት ተዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን «እኔ የተወለድኩት ጀርመን ነው» አለች። እውነቷን ነው። አሜሪካ መጥተን አሌክሳንድሪያ ከመግባታችን በፊት በሰሜን ጀርመን፣ ከባሕሩ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ስድስት ዓመት ኖረናል። እሷ እዚያ ተወልዳ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው የወጣነው።

ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ቅዳሜ ጠዋት ሴቨን ኮርነርስ ከሚባለው የገበያ ሰፈር ሱቆች ባዶ ካርቶን ለቃቅሜ መጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከመርኩት። ልጄ የከተማዋን ፎቶ ከኢንተርኔት አውጥታ፣ እርሳሷን ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ለምን ዘመመ? የከተማው በር ለምን ተሠራ? አንዱንም አላውቅም። በዚያ በር ሥር በየቀኑ አልፌአለሁ፤ ወደምሠራበት የወተት ፋብሪካ የሚወስደኝ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ። ወረቀቷን አጮልቄ ሳይ «አባቴ አያውቅም» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋለች።

አፈርኩና የድሮ አከራያችንን በቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ሴትዮ ናቸው። ልጃችን ስትወለድ ሆስፒታል ድረስ ሾርባ ያመላለሱልን እሳቸው ነበሩ። ጥያቄዎቹን ስነግራቸው ካፖርታቸውን እስኪለብሱ እንድጠብቅ አዘዙኝ፤ ከዚያ ስልኩን በሚገፉት ባለጎማ መደገፊያ ቅርጫት ውስጥ አቁመው ወጡ።

መጀመሪያ የታየን ሰማይና አገጫቸው ብቻ ነበር። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ስልኩን ሲያዞሩት ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ጡብ። እሳቸው እንደነገሩን፣ አገሩ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ስለሌለው የጥንት ሰዎች ጭቃ እየጠፈጠፉና እየተኮሱ ሠሩት። ግንቡ የዘመመው መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ነው። ከተማዋ በጨውና በዓሣ ንግድ ከበረች፣ ከዚያ እሳት በላት፤ የተረፉት ቤተ ክርስቲያኑና በሩ ብቻ ናቸው። እኔ ጀርመንኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፣ ባለቤቴም ሽንኩርቷን እሳት ላይ ረስታ ከኋላችን ቆማለች።

በሩ ዘንድ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆሙ። ስልኩን አንሥተው ከጉልበት ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ ጡብ አስጠጉት። አራት ጣትና አንድ መዳፍ፣ ቁልጭ ብሎ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጡቡ ገና ጭቃ ሆኖ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ አንድ ውሻ ረግጦት አልፏል፤ ሠራተኞቹም ሳይጥሉት፣ እንዳለ ተኩሰው ግድግዳው ውስጥ አስገቡት።

«ስድስት ዓመት በዚህ ስታልፍ አላየኸውም?» አሉኝ።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እሮጥ ነበራ፣ እማማ።»

«አውቶቡሱ እኮ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር» አሉ።

ልጄ የውሻውን ስም ጠይቅልኝ አለችኝ። ሴትዮዋ ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገሩኝና፣ ስም ማውጣቱን ለእሷ ተዉላት። እስከ ማክሰኞ ስትመርጥ ከረመች።

ከተማዋን ከነወንዟና ከነነፋስ ወፍጮዋ ሠርተን ስንጨርስ ሙጫው ሳይደርቅ ግንቡ በራሱ ጊዜ ዘመመ። ባለቤቴ ልታቀናው ብትል ልጄ እጇን ያዘቻት። የማስረዳቷ ቀን እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ጨውና ስለ እሳቱ ስትናገር ልጆቹ ያዛጋሉ፤ ወደ ውሻው ስትደርስ ግን ሁሉም ተነሥተው ጠረጴዛውን ከበቡት። አስተማሪዋ ታሪኩ እውነት መሆኑን ጠየቀች። ልጄ ወደ እኔ ጠቁማ፣ አባቴ እዚያ ኖሯል አለች፤ አላየውም ነበር የሚለውን ዘለለችልኝ። ውለታዋን አልረሳም።

የካርቶን ከተማችንን ፎቶ ለሴትዮዋ ላክንላቸው። ለካርቶን ከተማ በጣም ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን የነፋስ ወፍጮው ከወንዙ ማዶ መሆን አለበት ብለው መለሱ። በማግስቱ ልጄ ወፍጮውን ነቅላ አሻገረችው።