መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አንቺ

የአንዲት ተማሪዬ እናት ሆሞሻ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ በመስኮት ጠራችኝ።

«መምህርት፣ ነዪ። ከትናንት የልጄ ሆድ ዝም አለ።»

ልጇ በልዩ ፍላጎት ክፍሌ ተማሪዬ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ነገር ለመረዳት ግን ጊዜ ይወስድባታል። አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ክፍሉን ለባልደረባዬ ትቼ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

እዚያ ተማሪዬ ከምርመራው አልጋ ርቃ ጥግ ላይ ቆማ ሻሿን ነክሳለች። አዋላጇ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ያ ረቢ!» እናቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን የክፍላችን ነገር ትዝ አለኝ፤ ሁለት ምርጫ ሲሰጣት የምትደግመው የመጨረሻውን ነው። ገልብጬ ጠየቅኳት።

«አይንቀሳቀስም ወይስ ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል።»

«እና የቱን ልመን?» አለች አዋላጇ።

«ሁለቱንም አትቀበዪ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ልብ ምቱን ላዳምጥ። ትተኛልኝ።»

አዋላጇ ክንዷን ስትነካት ተማሪዬ ጮኸች፤ እጇንም መታቻት።

«እይዛለሁ» አለች እናቷ ብድግ ብላ።

«አይሆንም እማማ። በግድ ከያዝናት ለመውለድ በዚህ በር አትገባም» አልኳት።

ማስረዳት እወዳለሁ። ያን ዕለት ግን የማስረዳበት ደቂቃ ሁሉ ከሕፃኑ ዕድሜ የሚቀነስ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ አዲስ ነገር የምንጀምረው በአንድ ደንብ ነው፤ መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አንቺ። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ተኛሁ። አዋላጇ የእንጨት ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አሳርፋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ቲቸር፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ? ይጮሃል!»

ከጥግ ሳቅ ሰማሁ። ስወርድ መጣች፤ ጫማዋን ከጫማዬ ጎን አስተካክላ አስቀምጣ ተኛች። እጄን ያዘች።

አዋላጇ አዳመጠች። ማዳመጫውን ወደ ጎን አዞረች። እንደገና አዞረች። እኔ የአዋላጇን ፊት ብቻ አያለሁ፤ ክፉ ነገር ካየሁበት የራሴን እንዴት እንደምደብቅ አላውቅም።

ከዚያ የአዋላጇ ጣት የአልጋውን ጠርዝ መምታት ጀመረ፤ ፈጠን ፈጠን እያለ።

«ልቡ ይሄ ነው» አለች። «ግን ዝም ማለቱን አልወደድኩትም። አሶሳ ሆስፒታል ዛሬውኑ ትታይ።»

አምቡላንሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ተማሪዬ ወደ ኋላ አለች። ውስጡን አየች፣ እኔን አየች።

«መጀመሪያ አንቺ» አለችኝ።

ቀድሜ ወጣሁ፤ እጄንም ዘረጋሁላት።