አሞኒያን በይሉኝታ መለካት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አረንጓዴ ነገር የተለበጠበት ትንሽ መስታወት ሰጡኝና «አደራ» ብለው ወጡ። እኔም ትጉህ ለመምሰል በሳሙና አጠብኩት።

ሲመለሱ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «እጅህ ንጹሕ ነው» አሉ። «ሥራችንንም አጽድተኸዋል።»

አረንጓዴው ነገር ፖሊአኒሊን የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ የፕላስቲክ ልባጥ ነበር። አሞኒያ የሚባለው የሚሰነፍጥ ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይቀንሳል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የታሰረው መልቲሜትር የሚባል መለኪያም፣ የሚለካው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደውን ያህል ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ብዙዎቹ ጋዝ ጠቋሚዎች ካልጋሉ አይሠሩም። ይህኛው ማሞቂያ አይፈልግም። መብራት እንዳሻው በሚመጣበትና በሚሄድበት በከተማችን በመካነ ሰላም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልባጡን ሳላጥብ መሥራት ከለመድኩ በኋላ መሣሪያውን እንድፈትን እትዬ ዘሃራ ዶሮ ቤት ተላክሁ። እትዬ ዘሃራ በእንቁላል ንግድ የሚተዳደሩ ጎረቤታችን ናቸው። ብርዱን ፈርተው የዶሮ ቤቱን መስኮት በጭድና በጆንያ ጠቅጥቀውታል። ዶሮዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መቆም ጀምረዋል፤ መሞትም እንደዚሁ።

ገና ስገባ እንባዬ መጣ። ቁጥሩም ሽቅብ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሰው ቤት ገብቶ «ይሸታል» ማለትን ማንም አላስተማረኝም። «መሣሪያውን ብርድ ሳይመታው አይቀርም» አልኩ።

«ጋቢ ላምጣለት?»

«አይ፣ ይተዉት።»

«አንተስ ምን ያስለቅስሃል?»

«ጉንፋን ነው።»

«እኔንም ሰሞኑን ይዞኛል» አሉ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ይህን ስንባባል አንዲት ዶሮ ከቆጡ ላይ እግራችን ሥር ወደቀች። እትዬ ዘሃራ አንስተው አቀፏት።

«ወላሂ ልጄ፣ እኔና አንተ ስንከባበር ዶሮዎቼ አለቁ። እውነቱን ንገረኝ።»

«ይሸታል፣ እትዬ። በጣም ይሸታል። ከኩሱ የሚወጣ አሞኒያ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ እንደተገላገለ ሰው። «እንግዳ ፊት እንዴት ብዬ ልበለው?»

ጭዱን ከመስኮቱ ነቀልን፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ በአካፋ ዝቀን አወጣን። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ። ያቺ ዶሮ አልተረፈችም። የቀሩት እየዋሉ እያደሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

ለኃላፊው የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «መሣሪያው ፈተናውን አልፏል» አሉ። «ባለሙያው ይድገም።»

ለአዲስ ባልደረቦች የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ቁጥሩን እንዳያችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ ለባለቤቱ ንገሩ። ያልተነገረ ልኬት ለማንም አይጠቅምም።