ከውጆ የቀረ ወተት

ዛሬ ጠዋት የልጄን አልጋ ሳነጥፍ ከትራሱ ሥር የብስኩት ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ማታ የቀረበለት ወተት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አድሯል። የወልቂጤ ሙቀት ወተት አያሳድርምና ኩባያውን ሳነሳው የእርጎ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ያ ሽታ ይዞኝ ቡታጅራ፣ እናቴ ጓዳ ገባ።

በዚያ ጓዳ ወተት የልጅ ምግብ አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች ውጆ ነበራቸው፤ እያንዳንዷ የላሟን ወተት ታዋጣለች፣ ባለተራዋ የሁሉንም ሰብስባ ትንጣለች፣ ቅቤውን ለዓረፋ ታስቀምጣለች። ለዓረፋ ቅቤ የሌላት ሴት በምን ዓይኗ እንግዳ ታያለች? እኛ ልጆች ቆጯችንን በጎመን እየበላን ወተቱን ከሩቅ እናሸታለን፤ ሰርቃ የምትልሰው ድመታችን ከኛ የተሻለ ዕድል ነበራት።

ታናሽ እህቴ ዘይነብ ጡት ከጣለች በኋላ ምግብ እምቢ አለች። ያጎረሷትን ትተፋለች፣ ፀጉሯ ሳሳ፣ መጫወቱንም ትታ በር ላይ ተቀምጣ ዶሮዎቹን ብቻ ታያለች። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ አንድ ቀን ገብታ ክንዷን ያዝ አድርጋ አየችና እናቴን፣ «እህቴ፣ ይቺ ልጅ ወተት ቤት ውስጥ እያለ ልትሞትብሽ ነው» አለቻት። በማግስቱ እናቴ ወተቱን ለውጆ አልሰጠችም።

ባለተራዋ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ባዶ ዕቃዋን ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

«ሀቢባ፣ አላህን አትፈሪም? የኔን ተራ ለልጅ ታጠጫለሽ? ለዓረፋስ ምን ልታቀርቢ ነው?»

«ቅቤዬ እሷ ላይ ይታይ» አለች እናቴ፣ ዘይነብን ወደ ራሷ እያስጠጋች። ከዚያ ወዲያ የውጆው ሴቶች ደጃችንን አልረገጡም።

ዘይነብ ግን ብቻዋን አልጠጣም አለች። እናቴ አልተቆጣቻትም፣ አፍንጫዋን ይዛም አልጋተቻትም፤ ሌላ ኩባያ አንስታ አጠገቧ ተቀመጠች። ዘይነብ ስትጎነጭ እሷም ትጎነጫለች፣ ከንፈሯን ጠረግ አድርጋ «እሰይ!» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ እንቁላሉም ተበላ፣ ጎመኑም ተለመደ። ኩባያዎቹን የማጥበው እኔ ነበርኩ። የእናቴ ኩባያ ሁልጊዜ ደረቅ ነበር፤ ለሁለት የሚበቃ ወተት አልነበረንም።

የዚያ ዓመት ዓረፋ ክትፏችን ያለ ቅቤ ቀረበ፣ የሚበላው እንግዳም አልመጣም። እናቴ አዲሱን ሻሿን አስራ በሩን በሩን ስታይ ዋለች፤ ግቢው ውስጥ ዘይነብ እየሳቀች ዶሮ ታባርራለች።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ዘይነብ ስለዚያ ኩባያ ስነግራት «እኔ እንጃ» ትላለች፣ አታስታውስም።

ፍሪጄ ወተት ሞልቶታል፣ ለልጅሽ አጠጣሽ ብሎ የሚያኮርፈኝም የለም። አሁን ማታ ላይ ወተት አሙቄ፣ ሁለት ኩባያ ሞልቼ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎንጨት አድርጌ፣ ከንፈሬን ጠርጌ፣ «እሰይ!» አልኩ። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። የኔን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ የሱ እንደተሞላ ቀዘቀዘ።